በፍርድ የሄደች በቅሎ፦ ያለ ሕግ በተበረበረ ቤት የተገኘ ማስረጃና የሕገ መንግሥታችን ዝምታ

መግቢያ

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። ምሳሌው ስለ ንብረት የተነገረ ይምሰል እንጂ ቁም ነገሩ ስለ ሥልጣን ነው። በቅሎን የሚያህል ሀብት ዳኛ ተሰይሞ፣ ነገር ተሰምቶ ሲወሰድ ባለቤቱ ይከፋው ይሆናል፤ ነገር ግን አልተዋረደም። ጭብጦው ሲነጠቅ ግን የሚቆጨው ስለ እንጀራው አይደለም። የሚቆጨው ነጣቂውን «በምን ሥልጣን?» ብሎ ለመጠየቅ ባለመቻሉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ከዚሁ ምሳሌ የራቀ አይደለም። ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይም ከትእዛዙ ወሰን አልፎ የሰው ቤት ገብቶ ሲበረብር የፈለገውን ቢያገኝስ? የተገኘው ነገር እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ጥይቱ ጥይት፣ ሰነዱም ሰነድ ነው። ታዲያ ዳኛው ተቀብሎ ሊመዝነው ይገባል ወይስ ከመዝገቡ ሊያወጣው? በዚህ ጥያቄ ላይ በአፍሪካ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የተሰጡ ሦስት ፍርዶችን እንመለከትና በመጨረሻ ወደ ራሳችን ሕግ እንመለሳለን።

ጉዳዩን አሁን ለማንሣት ያነሣሣን ምክንያት አለ። በስደት የምንኖር ምሁራን ለአገራችን ሕግ ሐሳብ ስናዋጣ የምንኖርበትን አገር ሥርዓት በአርአያነት ማቅረብ ልማዳችን ነው። ከስዊድን ብዙ የምንማረው እንዳለ አንክድም። ይሁን እንጂ ያለ ሕግ በተገኘ ማስረጃ ረገድ የስዊድን ደንብ ብቻውን ተነቅሎ ቢወሰድ ለኢትዮጵያ ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደማያመጣ ለማሳየት እንሞክራለን።

ሀ. ሁለት የጥይት ፍሬ

በኬንያ በማው ማው ዐመፅ ዘመን የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት ባወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ይዞ መገኘት በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። የካኒዩ ልጅ ኩሩማ በብስክሌት ሲጓዝ መንገድ ላይ በቆመ ኬላ ተይዞ ተፈተሸ። ደንቡ ያለ ማዘዣ የመፈተሽ ሥልጣን የሰጠው የረዳት ኢንስፔክተርነትና ከዚያ በላይ ማዕረግ ላለው ፖሊስ ብቻ ሲሆን፣ የፈተሹት ግን ከዚያ በታች የሆኑ ፖሊሶች ነበሩ። ሁለት የጥይት ፍሬና አንድ ሰንጢ ተገኘበት ተባለ። ሰንጢው ለፍርድ ቤት አልቀረበም። በስፍራው ነበሩ የተባሉ ሌሎች ሰዎችም ለምስክርነት አልተጠሩም። ከዳኛው ጋር የተቀመጡት አማካሪዎች ተከሳሹ ጥፋተኛ አይደለም ቢሉም ዳኛው ሐሳባቸውን ሳይቀበል የሞት ፍርድ ፈረደበት።

ይግባኙ በመጨረሻ የደረሰው ለንደን ከሚገኘው የንግሥቲቱ አማካሪ ምክር ቤት የዳኝነት ጉባኤ ዘንድ ነው። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1954 በሰጠው ፍርድ፣ ማስረጃ ለተያዘው ጉዳይ አግባብነት እስካለው ድረስ ተቀባይነት አለው፣ የተገኘበት መንገድ ፍርድ ቤቱን አይመለከተውም ሲል ወሰነ። ዳኛ ደንቡ በተከሳሹ ላይ ኢፍትሐዊ ውጤት እንዳያመጣ ማስረጃን የመከልከል ፈቃደ ሥልጣን እንዳለው ባይክድም ለኩሩማ የጠቀመው ነገር የለም። የይግባኝ አቤቱታው ውድቅ ሆነ።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። የጉባኤው አስተሳሰብ የተመሠረተው፣ የፍተሻው ሕጋዊነትና የተገኘው ነገር እውነትነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው በሚል ግምት ላይ ነው። ነገር ግን ማዕረግ ያለው መኮንን እንዲገኝ ደንቡ ያስገደደው ለምን ነበር? ጥይቱ በእርግጥ ከሰውዬው ኪስ መውጣቱን በኃላፊነት የሚመሰክር ሰው እንዲኖር አይደለምን? መኮንኑ ሲቀር፣ ሰንጢው ሲጠፋ፣ የዓይን ምስክሮቹም ሳይጠሩ ሲቀሩ የቀረው የፈታሾቹ ቃል ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ሥርዓቱ ራሱ የማስረጃው ምስክር ነው። ሥርዓቱን ከጣሱ በኋላ «ዋናው ነገር መገኘቱ ነው» ማለት ምስክሩን ከችሎት አባርሮ በቃሉ እንደ መፍረድ ይቆጠራል።

እንዲህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ለእኛም ባዕድ አልነበረም። በጥንቱ የሌባ ሻይ ልማድ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየሮጠ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር። ልጁ በምን ዐውቆ ገባ ብሎ የሚመረምር አልነበረም፤ መግባቱ ራሱ ማስረጃ ነበር። በልማዱ ዛሬ የምንስቅ ብዙዎች ነን። ይሁንና ፖሊስ የገባበት ቤት ባለቤት በመገባቱ ብቻ እንደሚጠረጠር ካሰብን ከሌባ ሻይ ብዙም አልራቅንም።

ለ. የክሊቭላንድ በር

ሁለተኛው ፍርድ የተሰጠው በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1957 በክሊቭላንድ ከተማ ፖሊሶች በአንድ የቦምብ ፍንዳታ የሚፈለግ ሰው ተደብቆበታል ብለው የወይዘሮ ዶልሪ ማፕን ቤት አንኳኩ። እርሷም ጠበቃዋን በስልክ ጠይቃ ማዘዣ ካላመጣችሁ አላስገባም አለቻቸው። ከሰዓታት በኋላ በኃይል ገቡ። ማዘዣውን አሳዩኝ ስትል አንድ ወረቀት አወዛወዙላት፤ ወረቀቱን ነጥቃ ጉያዋ ውስጥ ብትከተው ታግለው ወሰዱባት፤ እጇንም አሰሩ። የፈለጉት የወንጀል ማስረጃ ሳይገኝ ቀርቶ፣ ጸያፍ የተባሉ መጻሕፍትና ሥዕሎች ስላገኙ በዚያው ተከሳ ተፈረደባት። ማዘዣ የተባለው ወረቀት በክርክሩ ላይ ከቶ አልቀረበም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1961 በሰጠው ውሳኔ ፍርዱን ሽሮ፣ ሕገ መንግሥቱ ከሚከለክለው ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክፍላተ ግዛቱ ፍርድ ቤቶችም ተቀባይነት የለውም አለ። ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ የኒው ዮርኩ ዳኛ ካርዶዞ ፖሊስ ስለተሳሳተ ወንጀለኛ ሊለቀቅ ነውን ሲሉ የዚህን ደንብ ድክመት አመልክተው ነበር። ተቃውሞው ዛሬም ክብደት አለው። ፍርድ ቤቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1984 በቅን ልቡና በተሳሳተ ማዘዣ ለሠራ ፖሊስ ልዩ ሁኔታ አበጅቶ ደንቡን አላልቷል።

የማፕ ፍርድ ቁም ነገር ግን ከደንቡ ጥብቅነት ይልቅ በምክንያቱ ላይ ነው። ዳኞቹ ወደዚህ ውሳኔ የደረሱት ሌሎቹ መድኅኖች፣ ማለትም የካሣ ክስ፣ የዲሲፕሊን ቅጣትና ፖሊስን በወንጀል መክሰስ፣ በተግባር ዋጋ ቢስ ሆነው ስላገኟቸው ነው። ሌላ ልጓም ቢኖር ኖሮ ይህን ያህል መሄድ ባላስፈለጋቸው ነበር። ይህ ነጥብ ወደ ስዊድን ስንሻገር ቁልፍ ሆኖ ያገለግለናል።

ሐ. ከስቶክሆልም ሲታይ

እ.ኤ.አ. በ1942 ወጥቶ በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የስዊድን የሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረቱ የማስረጃ ነጻ ምዘና ነው። ተከራካሪው ያሻውን ማስረጃ ያቀርባል፤ ዳኛው ሁሉንም አይቶ የሚገባውን ክብደት ይሰጣል። አለአግባብ የተገኘ ማስረጃን በጥቅሉ የሚከለክል ደንብ የለም። የቤት ብርበራን የሚፈቅደውም የግድ ዳኛ አይደለም፤ የምርመራው መሪ ወይም ዐቃቤ ሕጉ ሊያዝ ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ የሕግ ባለሙያ ይህን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም።

ሆኖም ሥርዓቱ ብቻውን አልቆመም። ሕጉ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ልዩ ምክንያት ብርበራ እንዳይደረግ ይከለክላል። በተቻለ መጠን ታማኝ ምስክር እንዲገኝም ያዛል። ከሁሉም በላይ አለአግባብ የበረበረ ባለሥልጣን በሥራ ላይ በተፈጸመ ጥፋት ሊከሰስ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1809 የተቋቋመው የፓርላማው እንባ ጠባቂም ባለሥልጣንን ፍርድ ቤት የማቆም ሥልጣን አለው። በአጭሩ የስዊድን ሕግ የሚለው «ማስረጃውን እንቀበላለን፣ ሕግ የጣሰውን ግን በሌላ በር እንጠይቀዋለን» ነው። የመጀመሪያው ሐረግ ከሁለተኛው ሲለይ ትርጉሙ ይፈርሳል።

ይህ ሚዛን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በስዊድንም እየተፈተነ መጥቷል። የፈረንሳይ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ኤንክሮቻት በተባለው በምስጢር ጽሑፍ በሚሠራ የስልክ አገልግሎት ውስጥ የስለላ ፕሮግራም አስገብተው በ122 አገሮች ከ30,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች መልእክቶችን ለቀሙ። ከዚህ የተገኘው መረጃ በጀርመንም በስዊድንም ለብዙ ከባድ ክሶች መሠረት ሆነ። ብርበራው የተደረገው ደጃፍ ሳይረገጥ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ በሌላ አገር ዳኛ ፈቃድ ነበር። የቴክኒኩን አሠራር ፈረንሳይ በመከላከያ ምስጢርነት ስለያዘችው ተከሳሾች መልእክቱ እንዴት እንደተያዘ መርምረው ለመከራከር ተቸገሩ።

ከበርሊን ፍርድ ቤት በቀረበለት ጥያቄ መነሻነት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 2024 ፍርድ ሰጠ። ዐቃቤ ሕግ በሌላ አባል አገር እጅ ያለ ማስረጃ እንዲተላለፍለት ዳኛ ሳያስፈቅድ ሊያዝ እንደሚችል ተቀበለ። እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ለመንግሥታቱ የሚመች ነው። ቀጥሎ ግን፣ ተከሳሹ በማስረጃው ላይ በውጤታማ መንገድ አስተያየት መስጠት ካልቻለና ማስረጃው በፍሬ ነገሩ ላይ ወሳኝ ተጽዕኖ የሚኖረው ከሆነ የአገሩ ፍርድ ቤት ማስረጃውን ወደ ጎን ማድረግ እንዳለበት ደነገገ።

ፍርዱን በሁለት ዓይን እንመለከተዋለን። በበጎ ጎኑ፣ የነጻ ምዘና አገሮች ሁሉ የማያልፉት ወሰን እንዳለ አረጋግጧል፤ የክልከላውም ምክንያት ከኩሩማ ጉዳይ ካወጣነው ትምህርት ጋር ይገጥማል፤ መርምረው ሊሞግቱት የማይችሉት ማስረጃ ማስረጃ ሊባል አይገባውም። ድክመቱ ደግሞ ጥበቃውን ሙሉ በሙሉ ወደ ክርክሩ ክፍል ማዛወሩ ነው። በጅምላ የተበረበሩት ሰዎች ሁሉ ተከሳሾች አይደሉም። ችሎት ፊት የማይቀርብ ሰው የግል ደብዳቤው መነበቡን የሚጠይቅለት አላገኘም።

የስዊድን ሕግ በዚሁ አቅጣጫ እየተጓዘ መሆኑ ለእኛ ለስደተኞች ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ፖሊስ አንድን አካባቢ ለሁለት ሳምንት የጸጥታ ቀጠና ብሎ በመሰየም በግለሰቡ ላይ የተለየ ጥርጣሬ ሳይኖረው ሰውንና ተሽከርካሪን ሊፈትሽ ይችላል። የተኩስ ሰለባ የሆኑት ወጣቶች ወላጆች ሕጉን ቢደግፉ አንፈርድባቸውም፤ ከእነርሱ መካከል የእኛም ወገኖች አሉ። ነገር ግን ፈታሽ ያለ ምክንያት እንዲያስቆም ሲፈቀድለት «በምን ሥልጣን?» የሚለው ጥያቄ መልሱ «እዚህ ስለ ቆምክ» ይሆናል። ከኬላ የሸሸን ሰዎች ይህን መልስ እናውቀዋለን።

መ. የእኛ ሕግና ዝምታው

በኢትዮጵያ ቤትን ከብርበራ የመጠበቅ ድንጋጌ አዲስ አይደለም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 61 ሰውንና የግል መኖሪያን ከሕገ ወጥ ብርበራና መያዝ ነጻ አድርጎ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ፣ የማፕ ፍርድ ከተሰጠ አምስት ወር ሳይሞላው፣ ዝርዝሩን ደነገገ። በአንቀጽ 33 መሠረት የብርበራ ማዘዣ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊሱም ከተጠቀሰው ሌላ ሊይዝ አይችልም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ያለ ማዘዣ መበርበር የሚቻለው በአንቀጽ 32 በተወሰኑ ሁኔታዎች፣ እንደ ትኩስ ክትትልና ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ሊሸሽ ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን ነው። በሰዓት ገደቡ የእኛ ሕግ ከስዊድን ሕግ ይልቅ ጠበቅ ያለ መሆኑን ስንገነዘብ መደነቃችን አይቀርም።

ታዲያ ይህ ሁሉ በ1969 ዓ.ም. የት ነበር? በአዲስ አበባ በመጋቢት ወር የተጀመረው የቤት ለቤት አሰሳ ማዘዣም ሰዓትም ዝርዝርም አላወቀም። መሣሪያ ሲፈለግ የጽሕፈት መኪና፣ በራሪ ወረቀት ሲፈለግ የተማሪ ደብተር ተያዘ። ስንቱ ቤተሰብ መጻሕፍቱን በሌሊት አቃጠለ፣ ስንቱስ ጉድጓድ ውስጥ ጣለ! እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ትውልድ አንድ እውነት ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ተበርባሪው ከእኛ መካከል እንደነበረ ሁሉ፣ አሰሳው ለአብዮቱ ጥበቃ አስፈላጊ ነው ብሎ በብዕሩ ያጸደቀውም ከእኛው መካከል ነበር። የተለያየንበት በማን ቤት ይገባ በሚለው ላይ እንጂ ያለ ሕግ አይገባ በሚለው ላይ አልነበረም። ስደታችን ይህን እንድናስብ ጊዜ ሰጥቶናል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን፣ የአካልንና የንብረትን ከብርበራ መጠበቅ፣ የደብዳቤንና የስልክን ምስጢርነት በሰፊው አውጇል። በሌላ በኩል አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ይናገራል። ለተደበደበው ሰው መድኅን ተጽፎለታል፤ ቤቱ ለተሰበረው ግን አልተጻፈለትም። ከዚህ በመነሣት አንዳንድ የሕግ ባለሙያዎች ሕገ መንግሥቱ አንዱን ለይቶ ሲከለክል ሌላውን መፍቀዱ ነው ብለው ይከራከራሉ።

በበኩላችን ይህን ትርጉም አንቀበለውም። አንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን መብት የሚዘረዝር እንጂ የማስረጃ ሕግ አይደለም። ከዚህም በላይ አንቀጽ 9 ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ በፍርድ ቤቶችም ላይ ይጥላል። ያለ ሥልጣን የተደረገ ብርበራ ተፈጻሚነት ከሌለው ፍሬውን ፍርድ ቤት ተቀብሎ ሲቀጣበት ብርበራው ሕይወት ዘራ ማለት ነው። ችግሩ ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት በመሰጠቱ ዳኞች ወደዚህ ክርክር ለመግባት መፍራታቸው ነው። ግን በአንቀጽ 13 የተጣለውን ግዴታ መፈጸም የማንንም ሥልጣን መንጠቅ አይደለም።

ዝምታው ባዶ ሆኖ እንዳልቀረም አይተናል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በፖሊስ ኃላፊ ፈቃድ ድንገተኛ ፍተሻ እንዲደረግ ፈቀደ፤ የስለላ ሪፖርትም ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ባይገለጽ እንኳ በማስረጃነት እንዲቀርብ ደነገገ። የኩሩማ ፍርድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ በአዋጅ ታተመ ብንል ማጋነን አይሆንም። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። ለአሥር ዓመት የቆየበትን ምክንያት ግን መርሳት የለብንም፤ ሕገ መንግሥቱ ዝም ባለበት ቦታ ሕግ አውጪው የፈለገውን ተናገረ።

የስዊድኑ ምሳሌ የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። አገራችን በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የእንባ ጠባቂ ተቋም አቋቁማለች፤ የወንጀል ሕጋችንም ያለ ሥልጣን የሚበረብርን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል። የጎደለው ቃል አይደለም። ተቋሙ እንደ ስዊድኑ ባለሥልጣንን በራሱ ከሶ ፍርድ ቤት አያቆምም፤ ሕገ ወጥ ብርበራ ያደረገ ፖሊስ ከሳሽ ዐቃቤ ሕግ ማግኘቱም እንግዳ ነገር ነው። ሁለተኛው በር በተዘጋበት አገር የመጀመሪያውን በር እንደ ስዊድን ወለል አድርጎ መክፈት ዜጋውን ያለ መከታ ማስቀረት ነው።

ማጠቃለያ

የአሜሪካው ደንብ እንዳለ ይወሰድ አንልም። አንድ ፊደል ስለተሳሳተ ማዘዣ ነፍሰ ገዳይ ሲለቀቅ የሟች ቤተሰብ የሚያለቅሰው ዕንባም ፍትሕ የሚጠይቅ ዕንባ ነው። መካከለኛውን መንገድ ሩቅ ሄደን መፈለግም አያስፈልገንም። ኩሩማ የተፈረደበት አገር ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50፣ መብት ተጥሶ የተገኘ ማስረጃ መቀበሉ ክርክሩን ኢፍትሐዊ የሚያደርግ ወይም የፍትሕን አስተዳደር የሚጎዳ ሲሆን ውድቅ እንዲሆን ደንግጋለች። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሳሳይ ቃል ጽፋለች። በሁለት ጥይት ፍሬ የተጀመረው ታሪክ በዚያች አገር እንዲህ ተቋጭቷል።

ለእኛም የሚከተለው ቃል በሕገ መንግሥቱ ወይም በሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቢገባ ይበቃል እንላለን፦ «በዚህ ሕገ መንግሥት የተጠበቀ መብት ተጥሶ የተገኘ ማስረጃ፣ መቀበሉ ፍርዱን ሚዛን የሚያሳጣ ወይም የፍትሕን አስተዳደር የሚጎዳ ሆኖ ሲገኝ ፍርድ ቤቱ አይቀበለውም። ብርበራው በሕግ መሠረት መደረጉን የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው።» ዳኛውም ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ብርበራውን ማን ፈቀደ? ጥሰቱ ታስቦ የተፈጸመ ነው ወይስ በስሕተት? ተከሳሹ ማስረጃው ከየት እንደመጣ መርምሮ ለመሞገት ይችላል?

ሕግ አውጪው እስኪነቃ መጠበቅም ግድ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ያስገድዳል። አንድ ደፋር ውሳኔ አንቀጽ 26ን ሥጋ ሊያለብሰው ይችላል። የሺህ ፍልጥ ማሠሪያው ልጥ እንደሚባለው የመብት ዝርዝር የሚጸናው መብቱ ሲጣስ በሚከተለው ውጤት ነው። በአገራችን «በሕግ አምላክ!» ሲሉት የሚቆም መንገደኛ ነበረ። ዛሬ የሚያስፈልገን ይህን ቃል ሲሰማ ማስረጃውን ወደ ዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ የሚመልስ ዳኛ ነው።